ለኤልና ለስታውት የትኛው እርሾ? ዝቃጩስ ስንት ዙር ያገለግላል?

ጥያቄ፦ «ቤት ውስጥ በየጊዜው 20 ሊትር ያህል ፔል ኤልና ስታውት፣ ማለትም ፈካ ያለውንና ጥቁሩን ቢራ፣ እጠምቃለሁ። ባለፈው የጠመቅኩት ስታውት በሃይድሮሜትር (የፈሳሽን ጥግግት በሚለካው መሣሪያ) ከ1.060 ተነሥቶ 1.022 ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። እርሾው ዊንዘር የሚባለው ደረቅ እርሾ ነው። ከማብላያው ዕቃ ታች የቀረውን የእርሾ ዝቃጭ በመስታወት ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሞላው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እጠበው› ይለኛል። ሌላው ‹ምን አለፋህ፣ አዲሱን በአሮጌው ዝቃጭ ላይ ገልብጠው› ይለኛል። ለሁለቱም ቢራ የሚሆን አንድ እርሾ አለ? ዝቃጩንስ እንዴትና ስንት ጊዜ ልጠቀምበት?»

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ ስታውትዎ ልንገርዎ፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይከተላል። ስታውትዎ አልተበላሸም። እርሾውም አልሞተም። ዊንዘር የሚችለውን ያህል በልቶ ነው የቆመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቅል በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ዎርት የምንለው፣ የያዘው አንድ ዓይነት ስኳር ብቻ አይደለም። ጥቂት ግሉኮስ አለበት። ትልቁ ድርሻ ማልቶስ ነው። ቀጥሎ ማልቶትራዮስ የሚባል፣ ሦስት ግሉኮሶች ተያይዘው የሠሩት ስኳር አለ። ከእሱ የሚረዝሙት ዴክስትሪኖች ናቸው፤ እነሱን ተራ የቢራ እርሾ አይነካቸውም። አብዛኞቹ የኤል እርሾዎች ማልቶትራዮስን ይበላሉ። ዊንዘርና ለንደን ኢኤስቢ የሚባለው ግን አይበሉም። ተፈጥሯቸው ነው፤ ቢያሞቋቸውም ቢያናውጧቸውም አይለወጥም።

ቁጥሩን እንየው። ቁጥሩ ፈሳሹ ከውኃ (1.000) ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል፤ ስኳሩ ሲበላ ይወርዳል። ከ1.060 ወደ 1.022 ማለት ከ60ዎቹ ነጥቦች 38ቱ ተበልተዋል ማለት ነው፤ 63 በመቶ ገደማ። ዊንዘር በተራ ዎርት ላይ ከ65 እስከ 72 በመቶ ያህል ነው የሚጨርሰው። ስታውት ላይ የተቆላ ብቅልና ካራሜል ብቅል ይበዛል፤ እነሱ ደግሞ የማይበላውን ድርሻ ከፍ ያደርጉታል። ብቅሉን በ68 ወይም በ69 ዲግሪ ዘፍዝፈውት ከሆነ 1.022 የሚጠበቅ ቁጥር ነው። ያንኑ ዎርት ዩኤስ-05 ለሚባለው ደረቅ እርሾ ቢሰጡት ወደ 1.015 አካባቢ ያወርድልዎ ነበር። አሁን በእጅዎ ያለው አልኮሉ 5 በመቶ የሚሆን፣ አፍ ላይ ሞላ የሚልና ጣፈጥ ያለ ስታውት ነው። እንዲያ ያለ ስታውት የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች ዊንዘርን ሆን ብለው ይመርጡታል። እርስዎ የፈለጉት ደረቁን ከሆነ፣ የሚቀየረው እርሾው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሌላ እርሾ ጨምረው «ላስጨርሰው» ካሉ ሙሉ በሙሉ እስኪጨርስ ይጠብቁ። ሃይድሮሜትሩ ለሦስት ቀን ያው ቁጥር ካላሳየ ጠርሙስ ውስጥ አይክተቱት። ዊንዘር የተወው ማልቶትራዮስ እዚያው አለ። የሚበላው እርሾ ጠርሙስ ውስጥ ካገኘው ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። የእርሾ ዝርዝር ሲከፍቱ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣዕሙ ነው፦ ፍሬ ፍሬ ይላል፣ ንጹሕ ነው፣ ብቅሉን ያጎላል። ዝቃጩን መልሰው ሊጠቀሙበት ካሰቡ ግን እኔ ከጣዕሙ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ። ስኳሩን ምን ያህል ይጨርሳል? ሥራውን ሲጨርስ ተሰባስቦ ይዘቅጣል ወይስ ተበትኖ ይቆያል? እርስዎ ባለዎት ክፍል ሙቀት ይመቸዋል? ጣዕሙ ግሩም ሆኖ የማይዘቅጥ እርሾ ለአንድ ጊዜ ጥሩ ነው። ለመሰብሰብ ግን ያንገላታል።

ከደረቆቹ ውስጥ ሳፍኤል ኤስ-04 እንግሊዛዊ ጠባይ ያለው ነው። ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይጨርሳል፣ ከታች ጥቅጥቅ ብሎ ይዘቅጣል። ቢራውን ሲቀዱ ዝቃጩ ከቦታው አይነሣም። ከ17 እስከ 19 ዲግሪ ከያዙት ፔል ኤሉም ስታውቱም ያምርበታል። ከ20 በላይ ሲወጣ ግን ፍሬ ፍሬ የሚለው ጠረን ይበረታል፤ ሁሉም ሰው አይወደውም። ዩኤስ-05 ከእሱ ንጹሕ ነው። ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና ጠረን የሚሰጠው ተክል) ለበዛበት ፔል ኤል ተወዳዳሪ የለውም። ስታውቱንም ደረቅ አድርጎ ይጨርሰዋል። ችግሩ አዘቃቀጡ ላይ ነው፤ ዝቃጩ ልል ነው፣ ሲነካ ይደፈርሳል። ሁለት ቀን አቀዝቅዘው ካልሰበሰቡት ግማሹ ከቢራው ጋር ይሄዳል። ኖቲንግሃም ደግሞ በቀዝቃዛ ክፍል ለሚጠምቅ ሰው ነው። ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ እንኳ ይሠራል፣ በደንብ ይዘቅጣል፣ የራሱን ጣዕም ብዙም አይጥልም።

ከፈሳሾቹ የአይሪሽ ኤል ዝርያዎችን እወዳቸዋለሁ፤ ዋይስት 1084ንና ኋይት ላብስ 004ን ማለቴ ነው። የተቆላ ብቅል ዎርቱን አሲዳማ ያደርገዋል። እነዚህ ዝርያዎች ግን በጥቁር ዎርት ውስጥ ሳይቸገሩ ይሠራሉ። ስኳሩን ከ70 እስከ 75 በመቶ አካባቢ ይጨርሳሉ። ትንሽ የቅቤ ጠረን የመተው ጠባይ አላቸው፤ መፍትሔውን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። ፈሳሽ እርሾ ከደረቁ ይወደዳልና መልሶ መጠቀም ይበልጥ የሚያዋጣውም እሱን ሲገዙ ነው።

አንድ ብቻ ምረጥልኝ ካሉኝ፣ ለእርስዎ ኤስ-04ን እመርጣለሁ። ሁለቱንም ቢራ ይሠራል፤ ለመሰብሰብም እንደሱ የሚመች ደረቅ እርሾ ብዙ አላውቅም። ልብዎ ያለው ስታውቱ ላይ ከሆነ ግን 1084ን ይያዙ። ፔል ኤሉ ትንሽ ለስለስ ይላል እንጂ አይጎዳም።

የዳቦ እርሾስ ለምትሉ አንባቢዎች፦ የዳቦ እርሾና የኤል እርሾ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱም ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ነው የሚባሉት። የዳቦው የተመረጠው ግን ሊጡን ቶሎ እንዲነፋ ነው። በቢራ ውስጥ በደንብ አይዘቅጥም፣ ብዙ ጊዜ የቅርንፉድ ጠረን ይተዋል፣ ጥቂት ባክቴሪያም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዳቦ ላይ ምንም አይደለም። ለሳምንታት በሚቆይ ቢራ ላይ ግን ይታወቃል።

ሙቀቱን ላንሣ፤ ይኼ ከዝርያው ስም በላይ ቢራውን ይለውጠዋል። እርሾ ሲሠራ የራሱን ሙቀት ያወጣል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ አረፋው በተፋፋመበት ሰዓት ማብላያው ውስጥ ያለው ቢራ 23 ወይም 24 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ማብላያው ጎን ላይ ይለጥፉት። ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው። በእነሱ ቀናት ቀዝቀዝ አድርገው ከያዙት የሚያቃጥል የአልኮል ጠረን አይመጣም። ወደ መጨረሻው፣ ጥቂት ነጥብ ብቻ ሲቀረው፣ ወደ 20 ወይም 21 ዲግሪ ከፍ ያድርጉትና ሁለት ቀን ይተዉት። የቅቤ ጠረን የሚሰጠውን ዳያሴቲል እርሾው ራሱ መልሶ ይበላዋል። ቸኩለው ካቀዘቀዙት ግን እርሾው ዘቅጦ ይተኛል፣ ቅቤውም እዚያው ይቀራል።

ይኼን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሁለት ብርጭቆ ላይ ጥቂት ጥቂት ቢራ ይቅዱ። አንዱን ከድነው በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያስቀምጡት፣ ከዚያ ያቀዝቅዙት። ሁለቱን አሽትተው ያነጻጽሩ። የሞቀው ቅቤ ቅቤ ካለ እርሾው ሥራ ይቀረዋል ማለት ነው። ሙቀቱ ገና ያልተለወጠውን የዳያሴቲል ጥሬ ዕቃ አስቀድሞ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ቢራ ላይ እርሾ ለመሰብሰብ አይቸኩሉ።

መልሶ ስለመጠቀሙ ብዙ ሰው የሚያስበው ቢራው ካለቀ በኋላ፣ ማብላያው ታች ያለውን ሲያይ ነው። እኔ ግን የሚወሰነው ከመጀመሪያው ጠመቃ በፊት ነው እላለሁ። ምክንያቱም ጥሩ ዝቃጭ የሚገኘው እርሾው ካልተሠቃየበት ቢራ ነው። እርሾን የሚያሠቃዩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንዱ አልኮል ነው። ሌላው ሆፕስ ነው፤ ሙጫው ሕዋሱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ የተጋነነ ሙቀትና ሥራው ካለቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቢራው ሥር መቆየት አለ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስቀድመው ያውጡ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ሆፕስ ካነሰበት ወደ በዛበት፣ ከነጣው ወደ ጠቆረው። ለምሳሌ በአዲስ እርሾ 1.042 የሆነ ቀለል ያለ ፔል ኤል ይጥመቁ። ከእሱ ዝቃጭ ቡናማ ኤል ወይም ፖርተር የሚባለውን ጠቆር ያለ ቢራ። ከዚያ የ1.060ውን ስታውት። መጨረሻ ላይ፣ ካማረዎት፣ 1.090 የሚሆነውን ኢምፔሪያል ስታውት። ከኢምፔሪያል ስታውት የወጣ ዝቃጭ ግን ይደፋል። በዚያ ሁሉ አልኮል ውስጥ የቆየ እርሾ ለቀጣዩ ጉልበት የለውም። እኔ ከ1.060 በላይ ከተነሣ ቢራ እርሾ አልሰበስብም። ሆፕስ በብዛት ከተነከረበት ቢራም እንዲሁ፤ ዝቃጩ ግማሹ ቅጠል ነው፣ መለየቱም አይቻልም።

አንድ ማሻሻያ ልጨምር። «ከነጭ ወደ ጥቁር» የሚለው ደንብ በዋናነት የቀለምና የጣዕም ጉዳይ ነው። 1.042 ላይ የተጠመቀ ደረቅ ስታውት ለእርሾው በጣም ምቹ ቢራ ነው። ከእሱ የወጣው ዝቃጭ ጤነኛ ነው፤ ቡናማ መልኩ አያስደንግጥዎ። ለሌላ ስታውት ወይም ለፖርተር ያለ ሐሳብ ይጠቀሙበት። ወርቃማ ፔል ኤል ውስጥ ብቻ አይጨምሩት፤ መልኩን ያጠቁረዋል፣ የተቆላውም ጣዕም ሊሰማ ይችላል።

አሰባሰቡን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ። ዝግጅቱ የሚጀምረው ዎርቱን ወደ ማብላያው ሲያስተላልፉ ነው። ድስቱ ታች ያለውን የሆፕስና የፕሮቲን አተላ እዚያው ይተዉት። ማብላያው ውስጥ ያልገባ ቆሻሻ በኋላ አይለቀምም። ቢራው ሲያልቅ ወደ ጠርሙስ ይገልብጡና ከዝቃጩ በላይ አንድ ሊትር ያህል ቢራ ያስቀሩ። ያችን ቢራ ተጠቅመው ማብላያውን በክብ እያዞሩ ዝቃጩን ያላቁት። ውኃ አይጨምሩ። የማብላያውን አፍ ከጀርም በጸዳ ጨርቅ ጠርገው፣ ከጀርም ወደጸዳ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ይገልብጡት። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዝም ብለው ይጠብቁ።

ዕቃውን ብርሃን ላይ ቢያዩት ሥራው ይታያል። ከባዱ ነገር መጀመሪያ ይወርዳል፤ ጠቆር ያለ፣ ሻካራ፣ የሆፕስ ፍርፋሪ ያለበት ነው። ከላዩ ወተት የመሰለ ድፍርስ ፈሳሽ ይቀራል። እርሾዎ ያ ነው። ያንን ቀስ ብለው ወደ ሁለተኛ ንጹሕ ዕቃ ይገልብጡት፤ ጥቁሩ መምጣት ሲጀምር ያቁሙ። ሁለተኛውን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡ። በማግሥቱ ሲያዩት ታች ክሬም የመሰለ ወፍራም ንጣፍ፣ ላዩ የጠራ ቢራ ሆኖ ያገኙታል። ቢራውን አይድፉት። አልኮሉና አሲዱ ባክቴሪያን ያርቃሉ።

ከዚህ የመጀመሪያው ጓደኛዎ ምክር ለምን እንደማይዋጥልኝ ይገባዎታል። ቢራ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ4 እስከ 4.5 አካባቢ ነው፤ አልኮልም አለው። ውኃ ሁለቱንም ያሳጣል። በውኃ ሲታጠብ እርሾው ነጥቶ፣ አምሮ ይታያል። ጥበቃውን ግን ይቀማል፤ ዕቃ በተቀያየረ ቁጥርም ጀርም የሚገባበት በር ይጨምራል። ትልልቅ ጠማቂዎች እርሾ የሚያጥቡት በፎስፎሪክ አሲድ ነው፤ ፒኤቹን ወደ 2 አካባቢ አውርደው፣ በቅዝቃዜ፣ ሰዓት ቆጥረው። እሱም ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ የዱር እርሾን አይገድልም። ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ በእሱ መድከም አዲስ እርሾ መግዛት ይሻላል።

ዕቃውን ግጥም አድርገው አይዝጉ። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን እርሾ ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። በመስታወት ዕቃ ላይ የተጠበቀ ክዳን ይፈነዳል፣ ሰው ይጎዳል። ክዳኑን ላላ ያድርጉት ወይም ከጀርም በጸዳ ፎይል ይሸፍኑት።

ስንት ልጨምር? ይኼ ጥያቄ ከዝርያ ምርጫው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ለኤል የተለመደው ስሌት በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ፕላቶ (ዎርቱ ውስጥ የሟሟው ስኳር በመቶኛ) 0.75 ሚሊዮን ሕያው ሕዋስ ነው። 1.048 ማለት 12 ፕላቶ ገደማ ነው። 20 ሊትር 20,000 ሚሊ ሊትር ነው። ሲባዛ 180 ቢሊዮን ሕዋስ ይመጣል። ለ1.060ው ስታውትዎ ደግሞ 220 ቢሊዮን ገደማ። ከላይ እንዳልኩት የተሰበሰበ፣ ትኩስ፣ ወፍራም ዝቃጭ በሚሊ ሊትር ቢያንስ አንድ ቢሊዮን ሕዋስ ይይዛል ብለው ቢገምቱ አይሳሳቱም። እንግዲህ ለፔል ኤሉ 180 ሚሊ ሊትር፣ ለስታውቱ 220 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የሚለኩት ወፍራሙን ንጣፍ ነው፤ ላዩ ያለውን ቢራ አይቁጠሩ። ጎኑ ላይ የመለኪያ መስመር ያለው ዕቃ ቢጠቀሙ ሥራው ይቀልዎታል።

ሁለተኛው ጓደኛዎ «ገልብጠው» ያለው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ከ20 ሊትር ቢራ የሚቀረው ሙሉ ዝቃጭ ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን ሲጠቀሙ ቢራው በሰዓታት ውስጥ ይነሣል፣ ያስደስታል። ግን እርሾው የሚባዛበት ቦታ የለውም። ጥሩ የሆነው የኤል ጠረን በብዛት የሚፈጠረው እርሾው ሲባዛ ነው። አዲስ ሕዋስ ካልተወለደ አሮጌው ብቻ ይሠራል፤ ቢራው ደብዛዛ ይሆናል። ከሥር ያለው የሞተ እርሾና አተላም አብሮ ይገባል። ይኼን ዘዴ የምቀበለው ለኢምፔሪያል ስታውት ብቻ ነው። 1.090 ላይ ከ320 ቢሊዮን በላይ ሕዋስ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ቢተርፍም አይጎዳም። እዚያም ቢሆን ግማሹን ዝቃጭ በንጹሕ ጭልፋ አውጥተው ይጣሉ፤ ማብላያውንም ሁለት እጥፍ ሰፊ ያድርጉት። አለዚያ አረፋው ክዳኑን ገፍቶ ወለሉን ያጥበዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው እንደዋዛ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ኦክስጅን። አዲስ ደረቅ እርሾ ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው። ፋብሪካው ሲያመርተው አየር በደንብ ስለሚያገኝ፣ ለሽፋኑ የሚያስፈልጉትን ስቴሮሎችና የስብ አሲዶች አጠራቅሞ ይደርቃል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ጊዜ ዎርቱን ሳያናፍሱት እንኳ በደንብ የሚሠራው። መባዛት ሲጀምር ግን ያ ስንቅ ለልጆቹ ይከፋፈላል። ቢራው ሲያልቅ ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። ዝቃጩን ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀሙ አየር ካልሰጡት ይጀምርና መሐል መንገድ ላይ ይደክማል። ብዙ ሰው «ሁለተኛው ዙር ላይ እርሾው ተበላሸብኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እርሾው አልተበላሸም፤ ተርቧል።

መፍትሔው ጣጣ የለውም። ዎርቱ ከ25 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ፣ በሁለት ንጹሕ ባልዲዎች መካከል ከከፍታ እያንቆረቆሩ አምስት ስድስት ጊዜ ይገለባብጡት። ወይም ማብላያውን ዘግተው ጥቂት ደቂቃ በኃይል ይናጡት። ከተራ አየር የሚገኘው ኦክስጅን ወደ 8 ሚሊ ግራም በሊትር ይደርሳል፤ ለተለመደ ኤል ይበቃል። ይኼ የሚደረገው መብላላቱ ከመጀመሩ በፊት ብቻ ነው። ያለቀ ቢራ አየር ሲያገኝ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ጊዜውስ? የተሰበሰበ ዝቃጭ በሳምንት ውስጥ ቢጠቀሙበት ነው የምመክረው። ሁለት ሳምንት ድረስ መጠኑን ትንሽ ጨምረው ይጠቀሙበት። ከዚያ በላይ ከቆየ በቀጥታ አይጨምሩት፤ ጥንስስ ይሥሩለት። 100 ግራም የደረቀ የብቅል ዱቄት፣ ከፋብሪካ ወጥቶ በውኃ የሚሟሟውን ማለቴ ነው፣ በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጠው ለ15 ደቂቃ እሳት ላይ ያፍሉ። ወደ ክፍል ሙቀት ያቀዝቅዙ። ከዝቃጩ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩበት፣ በፎይል ይሸፍኑት፣ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ይነቅንቁት። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ አረፋ ሠርቶ መልሶ መዝቀጥ ይጀምራል። እስከ 24 ሰዓት ምንም ምልክት ካላሳየ የሞተ ነው ብለው ይድፉት።

ፍሪጅ ውስጥ ያለው የሦስት ሳምንቱ ዕቃዎም በዚሁ ይዳኝ። ይክፈቱና ያሽቱት። የትኩስ ዳቦና የቢራ ሽታ ካለው ጥሩ ነው። ኮምጣጤ፣ የተቃጠለ ጎማ ወይም የሥጋ መረቅ ከሸተተ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ከያዘ፣ ወይም ቀለሙ ከክሬም ወደ ዳማ ቡኒ ከዞረ አይደራደሩ። የስታውት ዝቃጭ ከመነሻው ጠቆር ስለሚል ግን ከቀለሙ ይልቅ ሽታውን ይመኑ። ከሁሉ በላይ ላዩ ያለውን ቢራ ይቅመሱት፤ እሱ ከኮመጠጠ ዝቃጩም ኮምጥጧል። ፈተናውን ካለፈ ጥንስስ ይሥሩለት። ብቻ ልብ ይበሉ፣ ዊንዘር ነው፤ ቀጣዩ ቢራም እንደ መጀመሪያው ከፍ ብሎ ይቆማል። ጣፈጥ ያለ ስታውት ሲያሰኝዎት ይጠቀሙበት፤ ለደረቁ ስታውት ግን አይሆንም። ደግሞም ዊንዘር በደንብ ከማይዘቅጡት ውስጥ ስለሆነ፣ ከመሰብሰብዎ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ማቀዝቀዝ ይፈልጋል።

ስንት ዙር ለሚለው፣ ቤት ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት በቂ ነው እላለሁ። ላቦራቶሪ ያላቸው ጠማቂዎች ከዚያ በላይ ይሄዳሉ፤ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ የሞተውን ሕዋስ በሰማያዊ ቀለም እየለዩ ነው። እኛ ያለን አፍንጫና ሃይድሮሜትር ነው። የሚያስቆመን የዙሩ ቁጥር ብቻ አይደለም። መነሣት ከዘገየ፣ ቀድሞ 1.012 ላይ ይቆም የነበረው ቢራ 1.016 ላይ ከቆመ፣ የማይጠራ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዙር ላይም ቢሆን ያቁሙ። አሰባሰቡም ራሱ እርሾውን ይለውጠዋል። ሁልጊዜ ቀድሞ የዘቀጠውን ብቻ ከወሰዱ ሳይጨርስ የሚተኛ እርሾ እየመረጡ ነው። ሁልጊዜ ላዩን ብቻ ከወሰዱ ደግሞ የማይዘቅጠውን ያራባሉ። መካከለኛው ንጣፍ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ቁጥሩ ከሚገባው በታች ሲወርድስ? ይኼኛው ይበልጥ ያሳስባል። በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገን ካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአንድ ሕዋስ የተነሣ ንጹሕ እርሾ ያራባው፣ ቢራውን የሚያበላሸው የዱር እርሾ መሆኑን ስላየ ነው። ዛሬም ጠላታችን ያው ነው። በተለይ ዲያስታቲከስ የሚባለው የእርሾ ዓይነት ሌሎቹ የማይነኩትን ዴክስትሪን እየቆራረጠ ይበላል። አንዳንድ የሴዞን (የቤልጅየም ዓይነት ደረቅ ቢራ) እርሾዎች፣ ቤል ሴዞንን ጨምሮ፣ ከዚህ ወገን ናቸው። ለሴዞን ቢራ ተገቢ ናቸው። ስታውትዎ ውስጥ በጎማ ወይም በተቧጨረ ባልዲ በኩል ከገቡ ግን ጠርሙስ ውስጥ ሆነው ለወራት ይሠራሉ። ሴዞን የሚጠምቁ ከሆነ የእሱን ጎማና ባልዲ ለብቻ ያድርጉ፤ ከሴዞን በኋላም ለሌላ ቢራ እርሾ አይሰብስቡ። ስታውትዎ ሳይታሰብ የቅርንፉድ ጠረን ካመጣና ከ1.008 በታች ከወረደ፣ ዝቃጩን ይድፉ፣ የጠመቁትን ጠርሙስ በፍሪጅ ያቆዩ፣ ጎማዎቹን በአዲስ ይለውጡ።

ዕቃው ላይ ወረቀት ይለጥፉ። የዝርያው ስም፣ የተሰበሰበበት ቀን፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነ፣ ከየትኛው ቢራ እንደወጣና ያ ቢራ ከስንት ተነሥቶ ስንት ላይ እንደቆመ ይጻፉበት። ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝቃጭ ከዝቃጭ አይለይም።